ኤኤንኤ፦ «ፖዘቲቭ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

መገጣጠሚያው ያበጠ፣ ጉንጩ ላይ ሽፍታ የወጣበት ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ከሚታዘዙለት የደም ምርመራዎች አንዱ ኤኤንኤ ነው። የሰውነት መከላከያ አቅጣጫ ስቶ የገዛ ሴሎቹን ኒውክለስ የሚያጠቁ አንቲቦዲዎች ሠርቶ እንደሆነ ይፈትሻል። በዋነኛነት የሚፈለግበት በሽታ ሉፐስ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ሄፕ-2 የተባሉ የሰው ሴሎች ከተለጠፉበት ስላይድ ነው። ከታካሚው ደም የተለየው ፈሳሽ (ሴረም) ቀጥኖ ጠብ ይደረግባቸዋል። አንቲቦዲ ካለ ይጣበቃል፤ የተረፈው ይታጠባል። ቀጥሎ የሰውን አንቲቦዲ የሚይዝ፣ የሚያበራ ቀለም የተሸከመ ሌላ አንቲቦዲ ይጨመራል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጨለማው ውስጥ ኒውክለሶቹ አረንጓዴ ያበራሉ፤ አንዱ ወጥ ሆኖ፣ ሌላው በነጠብጣብ፣ ሌላው ዳር ዳሩን ብቻ። በዓይን የሚነበብ ስለሆነ ሁለት ባለሙያዎች አንዱን ስላይድ አይተው ላይስማሙ ይችላሉ።

ውጤቱ 1:40፣ 1:80፣ 1:160 እየተባለ ይጻፋል፤ ሴረሙ ያን ያህል ቀጥኖም አብርቷል ለማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የበርካታ ላቦራቶሪዎች ጥናት ጤነኛ ሰዎችን መርምሮ በ1:40 ከመቶ 31.7፣ በ1:80 13.3፣ በ1:160 ደግሞ 5 ያህሉ ፖዘቲቭ ሆነው አግኝቷል። ከ1,000 ሰው አንዱ ሉፐስ አለበት እንበልና ሁሉንም በ1:80 እንመርምር፤ ታማሚውን እናገኘው ይሆናል፣ ከእሱ ጋር ግን 133 ጤነኞች ይሰለፋሉ። በአንጻሩ ከመቶ የሉፐስ ታማሚዎች 98 ያህሉ በዚህ ልክ ፖዘቲቭ ስለሚሆኑ፣ «ነጌቲቭ» የሚለው መልስ የበለጠ ይታመናል። ፖዘቲቩ ግን ብዙ ጤነኞችን ስለሚያሰልፍ፣ ምልክት ለሌለው ሰው «ለማንኛውም» ብሎ ምርመራውን ማዘዝ ጭንቀት መሸመት ነው።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። በመተማና በሁመራ ቆላ የሚታወቀው ካላዛር ኤኤንኤን ፖዘቲቭ ሊያደርግ ይችላል፤ ትኩሳቱ፣ መክሳቱና የደም ሴሎች ማነሳቸውም ሉፐስን ያስመስላል። ተሳስቶ ለሉፐስ የሚሰጠውን የመከላከያ ማፈኛ መድኃኒት መጀመር ካላዛርን የሚያመጣውን ጥገኛ ተሕዋስ ማገዝ ይሆናል።

የሚገርመው፣ ሉፐስን ለማረጋገጥ ከሚያገለግሉት ምርመራዎች አንዱ የካላዛር ጥገኛ ዘመድ በሆነ ደቂቅ ፍጥረት ላይ ይሠራል። ክሪቲዲያ ሉሲሊየ የዝንብ አንጀት ውስጥ የሚኖር ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ሲሆን፣ ከኒውክለሱ ሌላ በባለ ሁለት ፈትል ዲኤንኤ የታጨቀች ነጥብ አለችው። የታካሚው ሴረም ተጨምሮ ያቺ ነጥብ ካበራች ነገሩ ወደ ሉፐስ አጥብቆ ያጋድላል፤ ምርመራው ግን ብዙ ታማሚዎችን ይስታል።

አንዴ ፖዘቲቭ የሆነን ኤኤንኤ በየቀጠሮው መድገም ትርፉ ወጪ ነው፤ የበሽታውን መባባስና መርገብ አይከተልምና። ለክትትል የሚረዱት የፀረ ዲኤንኤ አንቲቦዲ መጠን፣ ሲ3 እና ሲ4 የተባሉት የደም ፕሮቲኖች፣ እንዲሁም ተራው የሽንት ምርመራ ናቸው።