ከኢድ እስከ ሸዋል፦ የስኳር ሕመምና የሐረር በዓል

«በበዓል ሰሞን ጤናችንን እንጠብቅ» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቅባት አለማብዛት ነው። እሱ ልክ ነው፤ እኔ ግን የምጽፈው ባለፈው ዓመት ካስደነገጠኝ ነገር ተነስቼ ነው።

እንደሚታወቀው ከረመዳን በኋላ የሸዋልን ስድስት ቀን የሚጾም ሰው በየአገሩ አለ። በሐረር ግን ይህ ጾም የራሱ በዓል አለው። በኢድ አልፈጥር ማግስት ይጀመራል፣ በተለይ ሴቶች በረመዳን ያለፋቸውን ቀን ያካክሱበታል፤ ከዚያ ሸዋል ኢድ ይከበራል። ዩኔስኮ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህንኑ በዓል ነው። በጤና ዓይን ካየነው ግን ወር ሙሉ ጾም፣ አንድ ቀን ድግስ፣ ስድስት ቀን ጾም፣ እንደገና ድግስ ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ይችለዋል። የስኳር ሕመምተኛስ?

ጀጎል ውስጥ የምንከራይባቸው እናት ስኳር አለባቸው፤ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ክኒን ይወስዳሉ። ለረመዳን ሐኪም አማክረው ክኒኑ ተቀንሶ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ተዛውሮላቸው ነበር፣ በሰላም ጾሙ። ኢድ መጣ። ሳምቡሳው፣ ሙሸበኩ፣ ስኳር የበዛበት ሆጃ... እንግዳ ሲገባ አብሮ አለመቅመስ ደግሞ ነውር ነው። በማግስቱ ጾም ሲይዙ «ትናንት ጣፋጭ በዝቶብኛል» ብለው ጎህ ሳይቀድ አንድ ሳይሆን ሁለት ክኒን ዋጡ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ልጃቸው ጠራችኝ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ እኔን በሌላ ሰው ስም ይጠሩኛል። አንዷ ጎረቤት «የጾም ድካም ነው፣ ይተኙ» አለች። እንዴ! ተኝተው ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ክኒን የሚሠራው ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ በመገፋፋት ነው። ሰውየው ይብላ አይብላ ክኒኑ አያውቅም። ስለዚህ የትናንቱን ጣፋጭ አያወራርድም፤ የሚያወርደው የዛሬውን ስኳር ነው፣ ዛሬ ደግሞ የሚገባ ምግብ የለም። አእምሮ ስኳር ሲያጥረው ሰው ይቀባዥራል፣ ከባሰም ራሱን ይስታል። (ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ እንዲህ የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው፤ ስለዚህ «የስኳር ክኒን» ብሎ ማለፍ አይበቃም፣ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነው።)

ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጠበጥን። እሳቸው ግን አፋቸውን ገጥመው «ማግሪብ ሊደርስ ነው፣ አላፈጥርም» አሉ። ከስኳሩ ይልቅ የከበደን ይሄ ነበር። ልጃቸው አለቀሰች፣ «እማ፣ ለታመመ እኮ ዲኑ ራሱ ፈቅዷል» እያለች ለመነቻቸው። በመጨረሻ ጠጡ። 15 ደቂቃ ያህል ቆይተው በስሜ ጠሩኝ። ምግብ አብልተን ወደ ሕክምና ወሰድናቸው፤ ምክንያቱም የዚህ ክኒን ጉልበት ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ልብ በሉ፣ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፣ ወደ ትንታ ይሄዳል።

ሐኪሞች የሚሉት ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ይፈታ ነው። ጣት ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስ ብዙ የሃይማኖቱ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ይህን የማያውቅ ግን ሞልቷል። ጫት የሚቅም ሕመምተኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ክኒኑን ውጦ ራቱን ይረሳል፣ ወይም በለስላሳ ሲያወራርድ ያመሻል።

ክርስቲያኖቹም ብንሆን ያው ነን። 55 ቀን ጾመን የፋሲካ ለት ሌሊት ዶሮ ወጡ ላይ ስንሰፍር መድኃኒት ማን ያስታውሳል? አክስቴ የደም ግፊት ክኒኗን «በዓሉ ይለፍና» ብላ ሳምንት ታቆማለች።

ዘንድሮ አከራያችን ከረመዳን በፊት ቀጠሮ ሲሄዱ ስለ ሸዋሉም አብረው ጠየቁ። ሐኪሙ የስድስቱን ቀን የክኒን ሰዓት በወረቀት ጻፈላቸው፣ ልጃቸው ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። የሸዋል ኢድ ለት ከሙሸበኩ አንዲት ቁራሽ ቀመሱና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «አንተ ጨርሰው፣ አንተ ስኳር የለብህም» አሉኝ። ጨረስኩት።