ከሆስፒታሉ በር ወዲህ

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው ኢንፍሉዌንዛ፣ «የኅዳር በሽታ» የምንለው፣ እስከ 10 ሺህ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ከተማዋ የነበሯት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከእነሱም የሞቱ አሉ። አስታማሚው ታሞ ቀባሪ ጠፋ። ከዚያ ዘመን የቀረልን ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል ነው፤ ኅዳር ሲታጠን። ጭሱ ለሳንባ አይበጅም። ያም ሆኖ ሐኪም የሌለው ሕዝብ በሽታን ከደጁ ለመመለስ መነሣቱን ሳስብ፣ ልማዱን ለመናቅ አልደፍርም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ሲገኝ ሕመምተኛው ከሐኪሙ አቅም በላይ ሲሆን ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮሮና ተለየ፤ ሚሊኒየም አዳራሽም አልጋ ተዘርግቶበት ማከሚያ ሆነ።

አልጋ ብቻውን ግን አያድንም። በጠና የታመመ ሰው በደቂቃ 10 ሊትር ኦክስጅን ቢያስፈልገው፣ 7 ሺህ ሊትር ገደማ የሚይዘው ትልቁ ሲሊንደር 12 ሰዓት አያደርሰውም። ያንኑ ኦክስጅን የሳንባ ምች የያዘው ሕፃንም፣ በቀዶ ሕክምና የምትወልደው እናትም ይፈልጉታል። መቶ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ተራ በተራ ቢታመም ሆስፒታሉ ይችለዋል። እነዚያው መቶ ሰዎች በአንድ ሳምንት ከመጡ ግን መዳን የሚችል ሰው በር ላይ ይሞታል። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የጽኑ ሕሙማን አልጋም ኦክስጅንም ሲያጥር ያየነው ይህንኑ ነው። ማስክ ማድረግና ርቀት መጠበቅ ትርጉማቸው እዚህ ላይ ነው፤ ለማናውቀው ሰው ሲሊንደር ማቆየት።

ኃላፊነቱን ሁሉ በሕዝብ ጫንቃ ላይ መጣል ግን ግፍ ነው። ታክሲ በግማሽ ሲጭን ታሪፉ እጥፍ ሆነ፤ የባዶውን ወንበር ዋጋ የከፈለው ተሳፋሪው ነው። በየሕንፃው በር ባለቧንቧ በርሜልና ሳሙና ቆሞ ነበር፤ ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሠፈር ግን «እጃችሁን ታጠቡ» ማለት ጀሪካን ይዞ ለሚሰለፍ ሰው ምን ይፈይዳል? የዕለት እንጀራውን የቀን ሥራ ላይ የሚያገኝ ሰውም ቤት የሚቀመጠው የሚበላው ካለው ነው። መንግሥት አስቀድሞ ውሃና እህል ካላደረሰ ከዜጋው ሙሉ ጥንቃቄ ሊጠይቅ አይገባም።

ከሁሉ የከበደው ለቅሶ ነበር። በኮሮና ምክንያት የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሎ ነበር፤ በየዕድሩ ግን ቀብር የቀረ ይቀጣል። ሰው ሞቶበት የተቀመጠን ጎረቤት ከሩቅ እጅ ነሥቶ መመለስ ለእኛ አንጀት የሚያላውስ ነገር ነው። ሠፈሩን ከጤና ቢሮ ይልቅ የሚያውቀው ዕድሩ ነውና፣ ወረርሽኝ ሳይመጣ በደህናው ቀን ከዳኞቹ ጋር መነጋገር ይገባል፦ በወረርሽኝ ጊዜ ድንኳኑ እንዳይተከል፣ የቀረ እንዳይቀጣ፣ ለሐዘንተኛው የሚሰጠው ገንዘብና እህል ግን እንዳይቋረጥ፣ ይህም በመተዳደሪያ ደንቡ እንዲጻፍ።