ዘግይቶ የደረሰ ትክክለኛ ሒሳብ

እያንዳንዱ ነጋዴ እንደሚያውቀው፣ የገበያ ዋጋ እውነት ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ጧት የተቆረጠ ዋጋ ከቀትር በኋላ ቢሰማ፣ ወሬው ሐሰት ባይሆንም እንኳ፣ በእርሱ ተማምኖ የሚገዛውን ሰው ለኪሣራ ይዳርገዋል። እንግዲህ ንግድ በኮምፒዩተር በሚካሄድበት በዛሬው ጊዜ፣ የሚገኘው መልስ ትክክል መሆኑ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ መድረሱም ሊታሰብበት ይገባል።

ይህን ጉዳይ የሚመረምረው የትምህርት ክፍል «ሪል ታይም» ይባላል። በዚህ ሙያ ስማቸው ከታወቀው ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ጆን ስታንኮቪክ ናቸው። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ «ሪል ታይም» ማለት «ፈጣን» ማለት ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች መሳሳታቸውን አስረድተዋል። ፍጥነት የሚለካው በአማካይ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ኮምፒዩተር ግዴታ ግን እያንዳንዱን ሥራ በተወሰነለት ጊዜ መፈጸም ነው። ዘጠና ዘጠኝ ደንበኞችን ፈጥኖ አስተናግዶ መቶኛውን እስከ ማታ የሚያቆም ሱቅ፣ በአማካይ ሲታይ ፈጣን ነው፤ ለመቶኛው ደንበኛ ግን ከተዘጋ ሱቅ አይሻልም።

የጊዜ ገደብም ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ካለፈ አደጋ የሚያስከትል ነው፤ ለምሳሌ የአውሮፕላን መቈጣጠሪያ። ሁለተኛው ካለፈ ሥራውን ከንቱ የሚያደርግ ነው፤ ይኸውም ጨረታው ከተዘጋ በኋላ እንደሚደርስ ፖስታ ነው። ሦስተኛው በዘገየ ቍጥር ጥቅሙ እየቀነሰ የሚሄድ ነው፤ የወር ሒሳብ መግለጫ ከዚህ ይመደባል።

ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ1999 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ይህንኑ አሳብ ዳታቤዝ ስለሚባለው የመረጃ መዝገብ ጽፈዋል። በተራ መዝገብ የሰፈረ ቍጥር እስኪለወጥ ድረስ እንደ እውነት ይቈጠራል። በሪል ታይም መዝገብ ግን ቍጥሩ የተጻፈበት ሰዓትና የሚጸናበት ጊዜ አብረው ይያዛሉ፤ ጊዜው ሲያልፍ ቀኑ እንዳለፈበት መድኃኒት አይሠራበትም። እንዲሁም አንድ ሒሳብ ከሁለት ቍጥሮች የሚወጣ ሲሆን፣ ሁለቱ የተወሰዱበት ሰዓት የተቀራረበ መሆን አለበት። የዛሬን የዕቃ ዋጋ በትናንት የውጭ ምንዛሪ ያሰላ አስመጪ፣ ማባዛቱ ባይሳሳትም ሒሳቡ የተሳሳተ ነው።

ብዙ ጉዳዮች በአንድ ጊዜ ሲመጡ ደግሞ፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገድ የሚለው ደንብ ሁልጊዜ አይበቃም። ሊዩና ሌይላንድ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳረጋገጡት፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የሚመላለሱ ሥራዎች ሁሉ በሰዓታቸው ሊያልቁ የሚችሉ ከሆነ፣ ገደቡ የቀረበውን በማስቀደም ሊፈጸሙ ይችላሉ።

ሆኖም አነስተኛው ጉዳይ መዝገቡን ይዞ ሳለ አስቸኳዩ ሊቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1997 በማርስ ላይ ባረፈችው ፓዝፋይንደር ይህን የመሰለ ችግር ደርሶ፣ ኮምፒዩተሯ በየጊዜው ሥራውን እያቋረጠ እንደገና ይነሣ ነበር። መድኃኒቱም፣ የያዘው ጉዳይ ቶሎ ጨርሶ እንዲለቅ የሚጠብቀውን ጉዳይ ማዕርግ ለጊዜው መስጠት ነበር፤ ትእዛዙም ከምድር ተላከ።

ስለዚህ ለድርጅቱ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚገዛ ነጋዴ፣ «ምን ያህል ፈጣን ነው?» ብሎ ብቻ አይለፍ። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት መልሱ ቢዘገይ እስከ ስንት ደቂቃ እንደሚዘገይ፣ የሚታየው ዋጋ መቼ እንደ ተጻፈ፣ ሁለት ጉዳዮች ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም ይጠይቅ። ለነዚህ ጥያቄዎች ቍርጥ ያለ መልስ የማይሰጥ ሻጭ የሚያቀርበው ዕቃ፣ ገበያው በቀዘቀዘበት ቀን ቢያገለግልም፣ በደራበት ቀን ባለቤቱን ሊያሳፍር ይችላል።