ሳይሰማ የሚከማች ስብ

አባት በጎጃም ደጋ ሲያርስ ውሎ ቅቤ ቢበላ ሥራው ያቃጥልለታል፤ ደብረ ማርቆስ ቢሮ የገባው ልጅ ግን ያንኑ ቅቤ በልቶ ወንበር ላይ ይውላል።

ኮሌስትሮል የተባለውን ስብ አብዛኛውን የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነው፤ ያስፈልገዋልም። ሲበዛ ግን በደም ሥር ውስጥ እየተለጠፈ መተላለፊያውን ያጠብባል፤ ልብንና አንጎልን ይጎዳል። ምልክት ስለሌለውና በዘርም ስለሚወረስ ቀጭኑም ጿሚውም አይመካ፤ የሚገልጠው የደም ምርመራ ነው።

ጠቅላላው መጠን በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ200 ሚሊግራም በታች ቢሆን መልካም ነው። ከበለጠ ቅቤና ጮማ መቀነስ፣ ሽሮና ባቄላ ማዘውተር፣ በእግር መሄድ ይገባል። ሐኪም ስታቲን የተባለውን መድኃኒት ያዘዘለትም ሰው፣ ቁጥሩ ወረደ ብሎ በራሱ አያቋርጥ፤ ያወረደው መድኃኒቱ ነውና።