የእርድ እንስሳ እንግልት ለበላተኛውም ይተርፋል

ሕሙማን ስለ ሥጋ ሲጠይቁን ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ ስለ ስቡ ወይም ጥሬ ስለ መብላት ነው። እንስሳው ከመታረዱ በፊት እንዴት ተያዘ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃታማ ከተማ ይህ ጥያቄ ከጤና ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

ከሐረርጌ ወረዳዎችና ከሶማሌ ክልል ወደ ከተማችን የሚመጡ በሬዎች፣ ፍየሎችና ግመሎች ገሚሱ በእግር ተነድተው፣ ገሚሱ በአይሱዙ ተጭነው፣ ፀሐይና ውሃ ጥም አድክሟቸው ይደርሳሉ። በጡንቻቸው ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለ። እንስሳው ዐርፎና ተረጋግቶ ሲታረድ ይህ ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጣል፤ 7 አካባቢ የነበረው የሥጋው ፒኤችም በአንድ ቀን ገደማ ወደ 5 ነጥብ 5 ይወርዳል። አሲዱ የባክቴሪያን መራባት ያዘገያል።

የተደበደበ፣ የተራበና የተሸበረ እንስሳ ግን ስኳሩን ሳይታረድ ይጨርሰዋል። ፒኤቹ ከ6 በላይ ሲቀር ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። ከዚህም በላይ በጭንቀት ላይ ያለ እንስሳ ሳልሞኔላን የመሰሉ ተህዋሲያንን በእበቱ አብዝቶ ያስወጣል። ሥጋ ያለማቀዝቀዣ በሚሰቀልበት ሙቀት ውጤቱ ተቅማጥና ትውከት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ከእርድ በፊት ማደንዘዝ ነው። ዓላማው እንስሳው ቢላ ሲያርፍበት ሕመም እንዳይሰማው ማድረግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ደንብ ማደንዘዝን ግዴታ ሲያደርግ ለሃይማኖታዊ እርድ የተለየ ፈቃድ ትቷል። በኒውዚላንድ ደግሞ ለሐላል ገበያ የሚታረዱ እንስሳትን የማይገድል የኤሌክትሪክ ንዝረት ለጥቂት ጊዜ ያደነዝዛቸዋል። በእኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየሥርዓቱ ስለሚያርድ፣ ጉዳዩ የሃይማኖት አባቶች፣ የእንስሳት ሐኪሞችና የቄራ ባለሙያዎች ተቀምጠው ሊመክሩበት የሚገባ ነው።

ሳይደነዝዝ በሚታረድበት ጊዜም ስቃይን መቀነስ ይቻላል። ቢላው ረጅምና የተሳለ ይሁን፤ ሳይታይ ይቅረብ፤ አንገቱ ባልተቋረጠ ምት ይቆረጥ። ከብት ከበግና ከፍየል ይልቅ ራሱን እስኪስት ሊዘገይ ይችላል፤ በአከርካሪው በኩል የሚያልፉ የደም ሥሮች ለአንጎሉ ደም ማድረሳቸውን ይቀጥላሉና። ስለዚህ መንቀሳቀሱን ሳያቆም መግፈፍ ወይም እግሩን መቁረጥ ተገቢ አይደለም። ከብቱን ለመጣል ማጅራቱን በስለት መውጋትም የዓለም እንስሳት ጤና ድርጅት የሚከለክለው ዘዴ ነው። ኅብለ ሰረሰር ሲቆረጥ ከብቱ ይወድቃል እንጂ ራሱን አይስትም። የተሸበረ በሬ አራጁንም ይረግጣል፣ ይወጋል፤ ጉዳቱ ለሠራተኛውም ነው።

ከሁሉ የከፋው አደጋ «ከሚሞት ይታረድ» ተብሎ የታመመን እንስሳ ማረድ ነው። አባ ሰንጋ በሥጋው፣ በደሙና በቆዳው ወደ ሰው ይተላለፋል። የታመመ እንስሳን የነካ ሰው ቆዳው ላይ የማያም፣ መካከሉ የጠቆረ ቁስል ካየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ በጊዜ ከታከመ ይድናል። በድንገት የሞተና ከአፍንጫው ጥቁር ደም የሚፈሰው እንስሳ አይከፈት፤ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር። አገራችን የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274ን ካወጣች ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። በቄራ ከእርድ በፊትና በኋላ የሚደረገው ምርመራ በግቢ እርድ አይገኝም።

ስለዚህ ሥጋ ስትገዙ የቄራ ማኅተም ያለበትን ምረጡ። ለበዓል በግቢ የምታርዱ ከሆነ ደግሞ እንስሳውን ከአንድ ቀን በፊት አምጥታችሁ በጥላ ሥር አሳርፉት፤ ውሃ አትከልክሉት፤ አትደብድቡት፤ ከሌላ እንስሳ ፊትም አትረዱት። እርዱን ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ፈጽሙ። ሥጋውን ቶሎ አቀዝቅዙ፤ ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ የዕለቱን ለዕለቱ አብስላችሁ ተመገቡ።