አራሷን ጠይቋት
ለንደን ውስጥ በድንገተኛ ኦፕራሲዮን የወለደች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ከሕፃኑ ልብስ ጋር የ10 ቀን መርፌ ይዛ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ሔፓሪን በየቀኑ ሆዷ ላይ ትወጋለች። ዋሽንግተን አካባቢ በዚያው ዓይነት ኦፕራሲዮን የወለደች እህቷ ግን፣ ሌላ የሚያሰጋ ነገር ከሌለባት፣ ሆስፒታል ሳለች እግሯን እየተነፋ የሚጨምቅ መሣሪያ ይታሰርላትና ያለ መርፌ ልትወጣ ትችላለች።

የሁለቱም አገር ሐኪሞች የሚያነቡት ጥናት አንድ ነው። ችግሩ ጥናቱ ማነሱ ነው። ደም የሚረጋባቸው ከ1000 ነፍሰ ጡሮችና አራሶች አንዷ ወይም ሁለቱ ብቻ በመሆናቸው፣ መርፌው መጥቀሙን በሙከራ ለማረጋገጥ እጅግ ብዙ እናቶች ያስፈልጋሉ። እንግሊዞች ግን የቀበሯቸውን ቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 በብሪታንያ 41 እናቶች በደም መርጋት ሞቱ። የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ2004 መመሪያ አወጣ፤ ከ2006 እስከ 2008 የሟቾቹ ቁጥር ወደ 18 ወረደ። ያም ሆኖ ከ2020 እስከ 2022 የደም መርጋት እንደገና የእናቶች ሞት ቀዳሚ ምክንያት ሆኗል።

እንግዲህ ማስረጃው እንዲህ ሲሳሳ፣ ሚዛኑን መያዝ ያለባት ራሷ ሴቲቱ ናት ብዬ አምናለሁ። አንዷ እናቷ ወይም እህቷ ደም ረግቶባት ስላየች መርፌውን ስጡኝ ትላለች። ሌላዋ ቁስሏ ሳይጠግግ፣ እንቅልፍ አጥታ፣ በየቀኑ ራስን መውጋት ይከብዳታል። ጡት ስለማጥባት የሚፈሩም አሉ፤ መድኃኒቱ ወደ ወተት የሚያልፈው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ ይህ ስጋት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊወገድ ይችል ነበር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሔፓሪን የሚሠራው ከአሳማ አንጀት ነው። የብሪታንያ ብሔራዊ መመሪያ መድኃኒቱ ከእንስሳ የሚገኝ መሆኑ ለአንዳንዶች እንደሚከብድ ለሐኪሞች ያሳስባል። ኦርቶዶክሷም፣ ሙስሊሟም፣ ቤተ እስራኤሏም ይህን የመስማት መብት አላቸው። ከሰማች በኋላ «ለሕይወቴ ነው» ብላ ልትቀበል ትችላለች፤ ፎንዳፓሪኑክስ የተባለው ከእንስሳ ያልመጣ አማራጭ መኖሩን ልትጠይቅም ትችላለች። መርፌው ከተጀመረ ከሳምንት በኋላ ከጎረቤት ከሰማችው ግን የቀረውን ትጥለዋለች፤ ለሐኪሟም አትነግረውም።

አደጋው የሚበረታው ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ነው፤ የእኛ አራስ በክብር ከምትተኛበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ገንፎውም ጠያቂውም አይቅርባት፤ ግን ሐኪም ከፈቀደላት ቀን ጀምሮ ከአልጋዋ ወርዳ ትንቀሳቀስ፣ ውኃም በደንብ ትጠጣ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የገባ ሰው ሁሉ እግሯንና ትንፋሿን ይይላት። አንድ እግሯ ብቻ ካበጠና ካመማት፣ በድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ስትተነፍስ ደረቷን ከወጋት ወይም ደም የቀላቀለ ሳል ከያዛት፣ «የአራስ ድካም ነው» ሳይባል ያኔውኑ ሆስፒታል ትወሰድ፤ መርፌውን እየወሰደች ቢሆንም እንኳ።