የልጅ ልጄ ሞኒተርና የእናቱ ራስ ምታት

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ፣ ቡና ተጠጥቶ ረከቦቱ ከመነሳቱ በፊት፣ የ16 ዓመቱ የልጅ ልጄ አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለ። «አባባ፣ የጌም ሞኒተር ልገዛ ነው። የጎደለችውን ይሞሉልኛል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ገንዘቡን ዓመት ሙሉ ያጠራቀመው ነው፤ የበዓል ስጦታውንም፣ የሰፈር ሰው ኮምፒውተር ፎርማት እያደረገ የሚያገኛትንም አንድ ላይ አስቀምጧል። ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ግን አልጠቀመውም። እናቱ ከጓዳ ሰማችው። «ለጌም? አንዲት ሳንቲም እንዳይሰጡት!»

የሁለቱም ነገር ገባኝ። አጎቱ ወደ ውጭ ሲሄድ የተወለት ደህና ኮምፒውተር ቤት አለ። ስክሪኑ ግን ያረጀ የቢሮ ስክሪን ስለሆነ፣ «ኳሷ ስትሮጥ ብዥ ትልብኛለች» እያለ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በቀጥታ ፕሌይስቴሽን ቤት ይገባል። እዚያ ደግሞ በጨዋታው ብር የሚወራረዱ ጎረምሶች አሉ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ሳይመጣ ቀርቶ እናቱ በር ላይ ቆማ የጠበቀችበት ቀን ብዙ ነው። እሷ ጌሙን ጠላች፤ እሱ ቤቱን ሸሸ። እኔም በመካከላቸው አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ሞኒተሩ ይገዛ፤ የሚቀመጠው ግን መኝታ ቤት ሳይሆን ሳሎን፣ ሁላችን ባለንበት ይሁን። ምርጫውን ደግሞ እኔና እሱ አብረን እናድርግ። ሁለቱም እያጉረመረሙ ተስማሙ።

«አብረን እንምረጥ» ለማለት የደፈርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፒያሳ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ቴሌቪዥን ጠግኛለሁ። ጌም አላውቅም፤ ስክሪን ግን አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር።

በሳምንቱ መገናኛ አካባቢ ወደሚገኙ የኮምፒውተር መደብሮች ሄድን። ሻጩ ወጣት አንዱን ሞኒተር እያሻሸ፣ «ፋዘር፣ ይሄ 240 ኸርዝ ነው። 1 ሚሊ ሰከንድ። ብዥታ መቀነሻም አለው። ከዚህ በላይ የለም» አለኝ። «1 ሚሊ ሰከንዱ የምኑ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። «የፍጥነቱ ነዋ!» አለኝ። የልጅ ልጄም ቀና ብሎ አየኝ። እሱም መልሱን እንደማያውቀው ያኔ ገባኝ። ሳንገዛ ተመለስን፤ ማታ ማታም ቁጭ ብለን ነገሩን ማጥናት ጀመርን።

የተረዳነውን ቀለል አድርጌ ላስረዳችሁ። እኔ ስጠግነው የኖርኩት ጀርባው ትልቅ የሆነውን፣ ፒክቸር ቱብ ያለውን ቴሌቪዥን ነው። በዚያ ቱብ ላይ ምስሉ ተስሎ አይቆይም። ጨረሩ መስመር በመስመር እየሮጠ ይስለዋል፤ የተሳለው ነጥብ ቦግ ብሎ ወዲያው ይከስማል። በኛ አገር ቴሌቪዥን ይህ በሰከንድ 50 ጊዜ ይደጋገም ነበር። ዓይናችን አያይዞ ስለሚያየው ነው እንጂ፣ እያንዳንዱ የስክሪኑ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ጨለማ ነበር።

ፍላት ስክሪን ግን አንዱን ምስል ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ ሳያጠፋ ይዞት ይቆያል። ብዥታው በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ኳስ ስትሮጥ ዓይናችን ሳያቋርጥ ይከተላታል፤ ምስሏ ግን ቆም፣ ዘለል እያለ ነው የሚሄደው። ዓይን እየሄደ ምስል ሲቆም፣ ምስሉ ዓይናችን ውስጥ ይለጠጣል። ኳሷ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 960 ነጥብ ብትጓዝ፣ ይኸውም ከተለመደው ስክሪን ወርድ ግማሹን ማለት ነው፣ በ60 ኸርዝ ሞኒተር ላይ 16 ነጥብ ያህል ትለጠጣለች። በ120 ኸርዝ 8፣ በ240 ኸርዝ ደግሞ 4 ነጥብ ይሆናል። ኸርዝ ማለት ሞኒተሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚቀይር ነው።

«ብዥታ መቀነሻ» የሚባለው ነገር ደግሞ የድሮውን ቴሌቪዥን ጠባይ መልሶ ያመጣል። የስክሪኑ የጀርባ መብራት ሁልጊዜ እንደበራ መቆየቱን ትቶ፣ ለእያንዳንዱ ምስል አንዴ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ብልጭታው 1 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ቢቆይ፣ የዚያች ኳስ ልጥጠት ወደ 1 ነጥብ ይወርዳል። በየኩባንያው ስሙ ይለያያል፤ ኤንቪዲያ ዩ.ኤል.ኤም.ቢ፣ አሱስ ኢ.ኤል.ኤም.ቢ ይለዋል፤ ቤንኪውና ቪውሶኒክም የየራሳቸው ስም አላቸው። ሥራው ግን ያው ነው።

የሻጩ 1 ሚሊ ሰከንድም እዚህ ላይ ተፈታ። በካርቶኑ ላይ «ጂ.ቲ.ጂ» ከተባለ ነጥቡ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ለመቀየር የሚወስድበት ጊዜ ነው። «ኤም.ፒ.አር.ቲ» ከተባለ ደግሞ ምስሉ ዓይን ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ይህን ቁጥር ብዙ ሞኒተሮች የሚያገኙት ብዥታ መቀነሻው ሲበራ ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚሸጥ ሻጭ አይጠፋም።

መደብሩ ግድግዳ ላይ ሁላችሁም የምታውቁት ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ብዥታ መቀነሻ ያለውን ሞኒተር ከአንድ ጎረቤት ለሦስት ቀን ተዋስን። ብዙ ነገር ያተረፈልን ይህ ውሳኔ ነው።

በመጀመሪያው ማታ ልጁ ብዥታ መቀነሻውን በ120 ኸርዝ ከፍቶ ኳስ ሲጫወት ከመቀመጫው ተነሳ። «አባባ፣ የተጫዋቾቹ የማልያ ቁጥር እየሮጡ ይነበባል!» እኔም አየሁ፤ እውነቱን ነው። ስክሪኑ ግን ደብዘዝ ብሏል። መብራቱ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ስለሚቆይ ይህ የሚጠበቅ ነው።

በማግስቱ ማታ ልጄ ከሥራ መጥታ ሶፋው ላይ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ግንባሯን ይዛ፣ «አባዬ፣ ያ ነገር ዓይኔን ይወጋኛል። አጥፉልኝ» አለች። ማይግሬን ካሠቃያት ዓመታት አልፈዋል። ልጁ ተቆጣ። «እማዬ፣ አንቺ እኮ ስክሪኑን እያየሽ እንኳ አልነበረም! ምክንያት ፈልገሽ ነው!» እሷም ቢላዋዋን ጣል አድርጋ መኝታ ቤቷ ገባች። ሞኒተሩ ወደ ቤት ሊመልሰው የነበረው ልጅና እናቱ፣ በሞኒተሩ ምክንያት በር ተዘጋጉ።

ልጁን ቁጭ በል አልኩትና እርሳስ አመጣሁ። ስክሪኑን ነጭ አድርገን፣ ብዥታ መቀነሻውን አጥፍተን፣ እርሳሱን ከፊቱ ቶሎ ቶሎ አወዛወዝኩት። እንደ ማራገቢያ አንድ ወጥ ጥላ ሆኖ ታየ። ከዚያ ብዥታ መቀነሻውን ከፍተን ደገምነው። አሁን እርሳሱ አንድ አልነበረም፤ እንደ አጥር እንጨት የተደረደሩ ብዙ እርሳሶች ሆነ። «ይኸው ብልጭታው። ያንተ ዓይን አያየውም፤ የለም ማለት ግን አይደለም። ብልጭታ ደግሞ ፊት ለፊት ከሚያይ ሰው ይልቅ ከጎን ለተቀመጠ ሰው፣ በዓይን ጠርዝ በኩል ቶሎ ይታወቃል» አልኩት። የድሮ ደንበኞቼም ቴሌቪዥኑን ሲያዩ ሳይሆን በአጠገቡ ሲያልፉ «ይርገበገባል» ይሉኝ እንደነበር አጫወትኩት። ልጁ ዝም አለ።

ሐኪም አይደለሁም፤ ያን ቀን ልጄን ያመማት ድካምም ሊሆን ይችላል። ግን በሦስተኛው ማታ እናቱ ስትገባ ልጁ ማንም ሳያዘው እጁን ወደ ሞኒተሩ ቁልፍ ልኮ ብዥታ መቀነሻውን አጠፋው። ለእሷ አልነገራትም። እሷም ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ዜናው አልቆ፣ ራት ተበልቶ፣ አልተነሳችም። ኋላ ላይ፣ «ማን እየመራ ነው?» ብላ ጠየቀችው። በኛ ቤት ስለ ጌም የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው።

በመጨረሻ የገዛነው 24 ኢንች፣ 144 ኸርዝ ሞኒተር ነው። ብዥታ መቀነሻው በቁልፍ የሚበራና የሚጠፋ ሲሆን፣ ሲጠፋ መብራቱ ሳይርገበገብ ጸንቶ ይበራል። በእርሳስ ፈትነን ነው የገዛነው። 240ውን የተውነው ኮምፒውተራችን ያን ያህል ምስል ስለማያወጣ ነው። ከዋጋው በተረፈው ብር ስታብላይዘር ገዛንበት፤ የኛን ሰፈር መብራት ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱን መንገር አያስፈልግም።

ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ቢመጣ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ነፃውን መድኃኒት ሞክሩ። ብዙ ጌሞች «ሞሽን ብለር» የሚባል ሆን ተብሎ የተጨመረ ብዥታ አላቸው፤ ከጌሙ ማስተካከያ ውስጥ ይጠፋል። በቴሌቪዥን የሚጫወት ከሆነ «ጌም ሞድ» የሚለውን ክፈቱለት፤ ብዥታውን ባያጠፋም ቁልፍ ሲነካ ምስሉ የሚዘገየውን ይቀንሳል። ፈጣን ሞኒተር ተገዝቶም ኮምፒውተሩ ላይ በ60 ኸርዝ ተቀምጦ የሚሠራበት ጊዜ ስላለ፣ ማስተካከያውን እዩት።

ቀጥሎ ሞኒተሩ ከምን ጋር እንደሚገናኝ ጠይቁ። ፕሌይስቴሽን 4 ከ60 ኸርዝ አያልፍም፤ ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 120 ይሄዳል። ብዥታ መቀነሻ ደግሞ በብዙ ሞኒተሮች ላይ በ60 ኸርዝ አይከፈትም፤ ቢከፈትም ርግብግቡ በዓይን ይታያል። ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ምስል ከሞኒተሩ ፍጥነት ካነሰም ብልጭታው አንዱን ምስል ሁለቴ ስለሚያበራው ኳሷ ሁለት ሆና ትታያለች። ፍሪሲንክና ጂሲንክ ከሚባሉት የምስል ማስማሚያዎች ጋርም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ አይሠራም።

መደብር ውስጥ ደግሞ ሻጩ ብዥታ መቀነሻውን እያበራና እያጠፋ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። የአማርኛ ጽሑፍ ከፍታችሁ ወደ ላይና ወደ ታች እያንሸራተታችሁ ፊደሉ ይነበብ እንደሆነ እዩ። እርሳስ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካላችሁ አስቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1997 ጃፓን ውስጥ አንድ የፖኬሞን ካርቱን ክፍል በቀይና በሰማያዊ ብርሃን ሲብለጨለጭ ከ600 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። ያ በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል የሚሆን ዘገምተኛ ብልጭታ ነበር፤ የሞኒተሩ ብልጭታ ከዚያ እጅግ ይፈጥናል። ቢሆንም ጠይቆ መግዛት ገዝቶ ከመጠየቅ ይሻላል። ብዥታ መቀነሻ ምስል ያጠራል እንጂ ዓይን አያሳርፍም። ዓይን የሚያርፈው በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ራቅ ወዳለ ነገር ሲመለከት ነው፤ ለእኛ ቤት የግቢው በር ይበቃል።

አሁን ልጁ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት ይመጣል። እናቱ እስክትገባ ድረስ ብዥታ መቀነሻውን ከፍቶ ይጫወታል። የግቢው በር ሲንኳኳ ግን፣ በሩን ለመክፈት ከመነሳቱ በፊት፣ እጁ ወደ ሞኒተሩ ቁልፍ ይሄዳል።